ሁለት ያልተነኩ መሬቶች

ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1993 አንድ የካርድ ጨዋታ ለዓለም አበረከተ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ጨዋታውም የፈረንጅ ነው።) ስሙ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ይባላል። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት መቀመጫውን ያደረገው ሬንተን በምትባል የሲያትል ጎረቤት ከተማ ነው፤ የአገራችን ሰው እንጀራና ቡና ሳይቸገር የሚያገኝበት አካባቢ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ለእያንዳንዳቸው 20 ሕይወት ይቆጠርላቸዋል፣ 7 ካርድ ይታደላቸዋል፣ ከዚያ ተራ በተራ ይጫወታሉ። ጭራቅ የሚጠራ ይጠራል፤ እሳት የሚያዘንብ ያዘንባል። ይህ ለልጆች ነው። አዋቂን የሚገዛው የጨዋታው ክፍል ሌላ ነው፤ ማን መቼ መናገር እንደሚችል፣ የማን ነገር በማን እንደሚሻር የተጻፈው።

የደንቡ መጽሐፍ ከ200 ገጽ በላይ ይሄዳል። አንቀጹ በቁጥር፣ ንዑስ አንቀጹ በፊደል ተሰድሮ ለዓይን ያምራል። ገና ከመግቢያው ግን ሁለት ነገር ተናግሮ ይገላገላል። አንደኛ፣ የአንድ ካርድ ጽሑፍ ከደንቡ ጋር ከተጋጨ የሚጸናው ካርዱ ነው። ያረቀቁት ሰዎች ትሕትና ያስደንቃል። ያን ሁሉ ገጽ ጽፈው፣ ቃል በቃል መዝነው፣ በየጊዜው እያሻሻሉ፣ ሲያበቃ መዳፍ በምታህል ወረቀት ፊት ወፍራሙ መጽሐፍ እጅ ይነሳል። ሁለተኛ፣ አንዱ ጽሑፍ «ይቻላል» ሌላው «አይቻልም» ካለ፣ የሚጸናው «አይቻልም» ያለው ነው። የትኛው ቀድሞ ተጻፈ፣ የትኛው ከፍ ካለ ቦታ መጣ ተብሎ አይጠየቅም። አዲስ ተጫዋች እዚህ ላይ ሊከራከር ይሞክራል። የቆዩት ፈገግ ይላሉ፤ እነሱም አንድ ሰሞን ተከራክረዋል።

ጨዋታውን ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሲያስተምረኝ ጎረቤታችን አጠገቤ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን መዝገብ ቤት አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው። ልጁ የጀመረው ከቁልሉ ነው። ተጫዋች ካርድ ሲጥል ካርዱ ወዲያው ሥራ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ቁልል ላይ ይቀመጣል። እዚያ እያለ ሌላው ሰው ምላሽ ይሰጥበታል፣ ምላሹም ከላዩ ይቀመጣል፤ በምላሹ ላይ ሌላ ምላሽ ይመጣና ከዚያም በላይ ይወጣል። የሚፈጸመው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የመጣው ከሥር ሆኖ የሁሉንም ክብደት ተሸክሞ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ይኼ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል» አላቸው።

«ምኑ ነው ግራ የሚያጋባው?»

«መጨረሻ የመጣው ቀድሞ መስተናገዱ።»

«እሱማ ደንብ ነው፣ ልጄ። ይልቅ ከታች ያለው ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ምንም አይቆይም ጋሼ፤ ቢበዛ አንድ ሁለት ደቂቃ።»

«በጣም ፈጣን ነው» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቁልሉ እንዲህ የተደላደለው በ1999 ስድስተኛው እትም ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት አቋራጭ የሚባል የካርድ መደብ ነበር። አቋራጭ ሲመጣ፣ ሌላ አቋራጭ ያልያዘ ሰው አፉን ይዞ ከማየት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ማሻሻያው ሲታወጅ አቋራጭ የተባለው መደብ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ካርዶቹ የትም አልሄዱም። ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ አሁን የሚጠሩት ቅጽበታዊ ተብለው ነው። ትልቅ ተሐድሶ ነበር ይባላል።

መናገር የሚፈቀድለት ሰው ቅድሚያ አገኘ ይባላል። ቅድሚያው በመጀመሪያ ለባለ ተራው ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ያልፋል። ሁለቱም በተከታታይ ካሳለፉት ከላይ ያለው ይፈጸማል። ማሳለፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ማለት ነው። አንገት መነቅነቅ፣ ወደ መስኮት ማየት፣ አንዳንዴ መሳል እንኳ ይበቃል። ጉዳዩ ያለ ተቃውሞ አለፈ ይባላል፤ እውነትም ተቃውሞ አልነበረም። መናገር የፈለገን ማንም አይከለክለውም፤ እጁ ላይ ካርድ፣ ከፊቱም የካርዱን ዋጋ የሚከፍልበት መሬት የተባለ ካርድ ካለው። ሁለቱም የሌሉት ሰው ቅድሚያ ይሰጠዋል፣ በአክብሮት ይጠበቃል፣ ምንም አይልም፣ ይታለፋል።

ቅድሚያ ጨርሶ የማይሰጥባቸው ሰዓቶችም አሉ። አንደኛው ተራው ገና ሲከፈት ነው፤ ሥራ ላይ ውለው ተጋድመው ያደሩት መሬቶች ቀና የሚሉበት። ሌላው ተራው ሲዘጋ ነው፤ ጽዳት ይሉታል። በጽዳት ሰዓት ብዙ ነገር ይሆናል። ከ7 በላይ ካርድ የያዘ ትርፉን ይጥላል። የጭፍሮቹ፣ ማለትም የተጠሩት ጭራቆች፣ ቁስል ሁሉ ይሽራል። «እስከዚህ ተራ ማብቂያ» ተብሎ የተሰጠ ቃልም ሁሉ ያልፍበታል። ቁስሉ የሚሽረውና ቃሉ የሚሻረው እኩል በአንድ ቅጽበት ስለሆነ የቱ ለየቱ ካሳ እንደሆነ ለመለየት አይመችም። ለየት ያለ ነገር ካልገጠመ በቀር ያን ሰዓት ማንም ምንም አይልም።

ከጽዳቱ በፊት አንዲት የመጨረሻ መስኮት አለች፤ ብልሆች የሚወዷት። ተጋጣሚው መሬቱን ሁሉ አጋድሞ፣ የሚለውን ብሎ ጨርሶ፣ ልብሱን ደርቦ ሊወጣ እንዳሰበ ሰው ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ እጃቸው ላይ ይዘውት የዋሉትን ካርድ ያን ጊዜ ይጥሉበታል። ምላሽ መስጠት ይቻላል ወይ ለሚል፣ ይቻላል፤ በየትኛው መሬት? በየሱቁ የሚካሄደው የታወቀው ሳምንታዊ ውድድርም ዓርብ ማታ ነው።

መሬት ለብቻው የቆመ ጉዳይ ነው። ኃይል በአመዛኙ የሚመነጨው ከመሬት ነው፤ ባለቤቱ ካርዱን አጋድሞ ይቀዳል። ያለ መሬት የተቀመጠ ሰው እጁ ላይ ያለው ካርድ ምን ያህል ቢያምር ሥዕል ነው። ታዲያ ሌላው ሁሉ ቁልል ላይ ወጥቶ፣ ምላሽ ተጠይቆበት፣ ተመርምሮ ሲያልፍ፣ መሬት ቁልል ላይ አይወጣም። ምላሽ አይሰጥበትም። በሻሪ ካርድ አይሻርም። ባለ ተራው ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ አበቃ፤ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ የእሱ ነው። ከመሬቱ ኃይል መቅዳቱም እንደዚያው ነው፤ ሲቀዳ ማንም ቆይ አይለውም። እውነት ለመናገር ደንቡ እዚህ ላይ ራሱን ገድቧል፤ በአንድ ተራ ከአንድ መሬት በላይ ማኖር አይቻልም ይላል። ከአንድ በላይ ይቻላል የሚል ካርድ ያለው ሰው ግን ይችላል። የቱ እንደሚበልጥ ከላይ ተናግረናል።

ወደ መሻር እንምጣ። ጨዋታው አምስት ቀለሞች አሉት፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ። የመሻሩ ሥራ በአመዛኙ የሚከናወነው በሰማያዊ ቀለም ነው። ጥንታዊው ካርድ ካውንተርስፔል ይባላል፤ ጨዋታው ከተጀመረበት ከ1993 አንስቶ አለ፤ ሁለት ሰማያዊ መሬት ይበቃዋል። የታለመውን ድግምት ይሽራል፤ ጽሑፉ ይኸው ነው። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ካርዱ ላይ የለም። የተሻረበት ሰው የከፈለው አይመለስለትም፤ መሬቱ እንደተጋደመ ይቀራል፣ ካርዱ መቃብር ይገባል፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

አንድ ገደብ አለው። ነገሩ ሊሻር የሚችለው ቁልል ላይ እያለ ብቻ ነው። ተፈጽሞ ሜዳ ላይ ከቆመ በኋላ ሻሪ ይዞ የመጣ ሰው የያዘው ወረቀት ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ተጫዋች መጀመሪያ ይተክላል፤ ክርክሩን ከተተከለ በኋላ በትዕግሥት ይሰማል።

ከካውንተርስፔል ወዲህ የወጡት ሻሪዎች ለዘብ ያሉ፣ ሰው የሚያከብሩ ናቸው። በ1998 የወጣው ማና ሊክ እምቢ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ሦስት ጨምር ይላል። ጨመርክ፣ ጉዳይህ አለቀ። አልጨመርክ፣ ይሻራል፤ ያኔም የቀረው ባንተው ምክንያት ነው። ጎረቤታችን ይህን ካርድ ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት፤ አራቁት፣ አቀረቡት።

«ሦስቱ የሚገባው ለማን ነው?»

«ለማንም አይገባም፣ ጋሼ። ዝም ብሎ ይጠፋል።»

«ሻሪው ምንም አያገኝ?»

«ምንም።»

«እንዲህ ከሆነ በጣም ንጹሕ ጨዋታ ነው» አሉና መለሱለት።

ሪማንድም አለ፤ የ2005 ካርድ ነው። ይህኛው የሻረውን መቃብር አያስገባውም፤ ወደ ባለቤቱ እጅ ይመልሰዋል። አልተከለከልክም፣ ተመልሰሃል። ሌላ ጊዜ እንደገና ትመጣለህ፣ እንደገና ትከፍላለህ። የመለሰው ሰው ደግሞ ለድካሙ አንድ ካርድ ይስባል። ፎርስ ኦፍ ዊል የተባለው የ1996 ካርድ መሬቱ ሁሉ ተጋድሞበት እንኳ ለሚሽር ሰው የተሠራ ነው፤ መሬት በማጋደም ፋንታ ከገዛ እጁ አንድ ሰማያዊ ካርድ ያሰድዳል፣ ከሕይወቱም አንድ ይቀንሳል። የራስን ወገን አሳልፎ በመስጠት የሌላውን ማስቆም በዚህ ጨዋታ እንደ ጥበብ ይቆጠራል። ፓክት ኦፍ ኒጌሽን (2007) ደግሞ ዛሬ በነጻ ይሽራል። ሒሳቡ የሚመጣው የሻረው ሰው ቀጣዩ ተራው ገና ሲከፈት ነው፤ አምስት ይከፍላል። መክፈል ካልቻለ ጨዋታውን ራሱ ይሸነፋል። ዛሬ በነጻ ሲሽሩ የዋሉ ሰዎች ጠዋት መሬታቸውን ሲቆጥሩ ማየት ያስተክዛል።

ስደት ብዬ ማለፌ ካልቀረ፣ ቦታው በጨዋታው ውስጥ በስም አለ። እስከ 2009 ድረስ እዚያ የተላከ ካርድ «ከጨዋታው የወጣ» ነበር የሚባለው። ችግሩ ከጨዋታው ወጥተዋል የተባሉት ካርዶች ጨዋታው ውስጥ እጃቸውን ማስገባት አለማቆማቸው ነው፤ ከውጭ ሆነው ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹም ይመለሳሉ። በመጨረሻ የቦታው ስም ተለወጠና ስደት ተባለ። ካርዶቹ ይህን በማወቃቸው የተለየ ደስታ አላሳዩም።

ሁለት ባለ ሰማያዊዎች ሲገናኙ ነገሩ ይከርራል። አንዱ የሌላውን ይሽራል፤ ያ ሻሪውን በሻሪ ይሽራል፤ ይህም ያንን። ቁልሉ ወደ ላይ ያድጋል፣ የሁለቱም መሬት ይጋደማል፣ ተመልካች ይሰበሰባል። ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ሲለይና ሁሉም ከላይ ወደ ታች ሲፈጸም፣ ያ ሁሉ የተነሳባት የታችኛዋ ካርድ ምን እንደነበረች የሚያስታውስ አንዳንዴ አይገኝም። ባለቤቷ ያስታውሳል።

ማንም ሳይሽራት የምትቀር ካርድም አለች። ለቆሰለ ጭፍራ መድኃኒት ተላከ እንበል። መድኃኒቱ ቁልል ላይ ተራውን ሲጠብቅ ከላዩ ሌላ ነገር ተቀመጠ፣ እሱም ቀድሞ ተፈጸመ፣ ጭፍራው በዚህ መሃል ሞተ። የመድኃኒቱ ተራ ሲደርስ ዒላማው የለም። ስለዚህ ይቀራል፤ ዋጋው ግን ተከፍሏል። እስከ 2018 ድረስ እንዲህ ያለው ነገር «በደንቡ ተሻረ» ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተባለው አነጋገር «አልተፈጸመም» የሚል ነው። ሻሪ የለም፤ የሻረም የለም። ለጭፍራው ያው ነው።

ጭራሽ የማይሻሩም አሉ። ሱፕሪም ቨርዲክት የሚባለው የ2012 ካርድ (ጠቅላይ ፍርድ እንበለው) ሜዳ ላይ ያለን ጭፍራ ሁሉ ያጠፋል፤ የኔ ያንተ ብሎ አይለይም፣ አይሻርምም። ደስ የሚለው ግን ደንቡ ሻሪ ካርድ እንዳይጣልበት አለመከልከሉ ነው። ጣል፤ ክፈል፤ ቁልሉ ላይ ይቀመጥልሃል፤ ቅድሚያ ይተላለፍበታል፤ ተራው ሲደርስ በሥርዓት ይፈጸማል፤ ምንም አይሆንም። አቤት ማለት ተፈቅዷል።

«እስቲ አንድ ጊዜ ልሞክር» አሉ ጎረቤታችን።

ልጁ ሰማያዊውን ሰጥቷቸው እሱ ቀዩን ያዘ፤ ዘንዶ የበዛበትን፣ እያንዳንዱ ስድስት መሬት የሚጠይቀውን። በሁለተኛው ተራቸው አንዲት የምትበር ትንሽ ጭፍራ ጣሉ፤ ጉልበቷ ሁለት ብቻ። ከዚያ ወዲያ መሬት ከማኖር በቀር ሌላ ካርድ አልጣሉም። ከመሬቶቹ ሁለቱ ሰማያዊዎች ግን ሳይጋደሙ ሁልጊዜ ከፊታቸው ይቆማሉ። ልጁ ስድስተኛ መሬቱን አግኝቶ ዘንዶውን ሊጥል እጁን ሲዘረጋ መነጽራቸውን አወለቁ። በጋቢያቸው ጫፍ አበሱት። መልሰው አደረጉት። እጃቸው ላይ ያለውን ካርድ አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ አንዱን ከመሃል አውጥተው ወደ ዳር አደረጉት።

«እስቲ እናየዋለን» አሉ።

ልጁ እጁን ሰበሰበ።

ሒሳቡን ጮክ ብሎ ባይናገርም ከፊቱ ይነበባል። አሁን ብጥለው ይሽሩብኛል፤ መሬቴ እስኪበዛ ልጠብቅ፤ ያኔ ሁለት ዘንዶ በአንድ ተራ እጥላለሁ፣ አንዱ ቢሻር አንዱ ይቆማል። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህንኑ ይመክራል፤ በመጻሕፍትም የተጻፈ አስተዋይነት ነው። ጠበቀ። ያቺ ትንሽ ጭፍራ በየተራው ሁለት ሁለት ከሕይወቱ ትወስዳለች፤ ትንሽ ስለሆነች ብዙም አታሳስብም። ካርድ በየተራው ይስባል፣ እጁ ይሞላል። በጽዳት ሰዓት ከሰባት በላይ ሆነበት። ከዘንዶዎቹ አንዱን መርጦ በገዛ እጁ መቃብር አስገባ። በሚቀጥለው ተራ ሌላ ጨመረበት።

«ያሳዝናል» አሉ ጎረቤታችን ከልባቸው፤ «ጥሩ ካርድ ነበር።»

20 ለሁለት ሲካፈል 10 ነው። በአሥረኛው ጥቃት ልጁ የቀረውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና እሳቸውም የያዙትን እንዲያሳዩት ለመናቸው። አሳዩት። መሬት፣ መሬት፣ መሬት። ሻሪ የሚባል ካርድ አንድም አልነበረም።

«ጋሼ! ምንም አልነበረዎትም እኮ!»

«አልነበረኝም።»

«ታዲያ ‹እናየዋለን› ሲሉኝ የነበረው?»

«ሳየው ነበራ።»

ያጠፉት ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ደንቡን መለስ ብዬ ተመለከትኩ። ምንም የለም። የካርድ ብዛት ለሁሉም ግልጽ ነው፤ ምንነቱ የባለቤቱ ምስጢር ነው። ሳይጋደም የቆመ መሬት ከሁሉም ፊት ነው፤ ለምን እንደቆመ ማብራሪያ አይጠየቅም። ያን ቀን የተሻረ አንድም ካርድ የለም። ውሎው በመዝገብ ቢያዝ ኖሮ፣ ልጁ ያሻውን ለመጣል ሙሉ ነጻነት የነበረው፣ ግን ምንም ያላሻው ሆኖ ይጻፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሻሪ ካርዶችን መግዛት ትቶ ፊት ማጥናት ጀምሯል፤ ወጪውም ቀንሶለታል።

ካርድን ትተው ጊዜን ራሱን የሚነኩም አሉ። ታይም ዎክ ከመጀመሪያው እትም ነው፤ በሁለት መሬት ዋጋ ለባለቤቱ አንድ ተጨማሪ ተራ ይሰጣል። አንድ ብቻ። ሥራዬን አልጨረስኩም ለሚል ሰው እንዲህ ያለች ካርድ ትንሽ ስጦታ ትመስላለች። ዛሬ በአብዛኞቹ ውድድሮች የተከለከለች ናት፤ በምትፈቀድበት ዘርፍም ከአንዲት በላይ መያዝ አይቻልም። አንዴ የቀመሰ ሁለተኛ መጠየቁ አይቀርም ብለው ይመስለኛል። ታይም ስቶፕ (2004) በተቃራኒው ተራውን እዚያው ያበቃል። ቁልል ላይ ያለው ሁሉ፣ ግማሽ የደረሰውም ገና የጀመረውም፣ ወደ ስደት ይሄዳል። ተሻረ አይባልም፤ ስብሰባው ስላለቀ ነው። በ2006 ደግሞ ስፕሊት ሰከንድ የተባለ ጠባይ ያላቸው ካርዶች መጡ። እንዲህ ያለ ካርድ ቁልል ላይ እስካለ ድረስ ማንም ሌላ ካርድ መጣል አይችልም። የሚቆየው ለአፍታ ብቻ ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል። በዚያች አፍታ ከመሬት ኃይል መቅዳት ግን አልተከለከለም።

ቅር ያለው ዳኛ ይጠራል። በውድድር ላይ ዳኛ አለ፤ በዳኛው ብያኔ ያልተስማማ ወደ ዋናው ዳኛ ይግባኝ ይላል፤ እዚያ ያበቃል። ዳኛው ደንቡን ይናገራል እንጂ ምን ብታደርግ ይሻልህ ነበር ብሎ አይመክርም። አንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ 50 ደቂቃ ነው።

መጽሐፉ ካርድ ከደንብ ይበልጣል ባለበት በዚያው አንቀጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለይቶ አስቀምጧል። ተጫዋች በፈለገው ሰዓት እጅ መስጠት ይችላል። ይህን የሚሽር ካርድ የለም፤ ቢጻፍም አይጸናም። ፕላቲነም ኤንጅል የተባለው የ2003 ካርድ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ባለቤቱ አይሸነፍም፤ ሕይወቱ ከዜሮ በታች ወርዶ እንኳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይቀጥላል። እሱም ቢሆን እጅ ሰጠሁ ካለ ይፈቀድለታል። እጅ መስጠት ቁልል ላይ አይወጣም። ቅድሚያ አያስፈልገውም። ተራ አይጠበቅበትም፤ በሌላው ተራ ላይም፣ ማንም በማይናገርበት በጽዳት ሰዓትም ይሆናል። ሦስት ጨምር የሚል የለም፣ ሌላ ጊዜ ተመለስ የሚል የለም። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የዚህን ያህል የተቀላጠፈ መስተንግዶ አላገኘሁም።

ከዚያ ካርዱ ተሰብስቦ ይበወዛል። ብወዛው የይስሙላ እንዳይሆን ደንቡ አጥብቆ ያዛል። የበወዘው ሰው ሲጨርስ ለተቃራኒው ወገን ያቀርብለታል፣ እሱም እንዲበውዝ፤ በኋላ አልተሳተፍኩም እንዳይል። ሰባት ሰባት ይታደልና ሁለተኛው ጨዋታ ይጀመራል፤ በዚያው ጠረጴዛ፣ እያንዳንዱ በእነዚያው 60 ካርዶቹ።